የሾፌሩ ጀልባ

«ማነው ይህን ባሕር የበጣጠሰው?» ብሎ ሾፌሩ በጧቱ ኮሪደሩ ውስጥ ሲጮህ ሚስቱ ወጥ ቤት ሻይ እያፈላች፣ ልጁ ደግሞ አንድ ጫማዋን አድርጋ ሌላውን አልጋ ሥር እየፈለገች ነበር። ሁለቱም አልደነገጡም። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጧት ጧት የሚጮህበት ነገር አጥቶ አያውቅም፤ ትናንት ጎረቤት ቧንቧ ሳይዘጋ ሄዶ ነው፣ ከትናንት ወዲያ የሬዲዮኗ ሴትዮ ዜናውን ተጣድፋ አንብባ ነው። የዛሬው ግን ለየት አለ። በፒጃማ ቆሞ፣ ትናንት አመሻሹ ላይ ከመነጽር ቤት ተቀብሎ ያመጣውን አዲስ መነጽር አፍንጫው ላይ ሰክቶ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የልጁ ሥዕል ላይ ተደፍቷል። መነጽሩ የአንድ ወር ጡረታውን ሙልጭ አድርጎ በልቷል፤ ያን ያህል ከፍሎበት ደግሞ ሳያይ የሚቀር ሰው አይደለም።

«ማን ይበጣጥሰዋል?» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት ሳትወጣ። «ድሮም እንደዚያው ነው። ኩፍኝ ነው ስላችሁ አልሰማ ብላችሁኝ ነው እንጂ!»

ኩፍኝ የሥዕሉ የቤት ስም ነው። ልጅቱ ሥዕሉን የሠራችው ከቢሮ መልስ በምትማርበት የማታ ክፍል ነው። አስተማሪዋ ቀለም ሳይቀላቀል ነጥብ በነጥብ እየተቀመጠ የሚሠራበትን መንገድ አሳያት፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ሰማያዊ ነጥብ፣ አጠገቡ ብርቱካናማ፣ አጠገቡ ነጭ፣ ከሥሩ ሐምራዊ፣ እንዲህ እያለች ሸራውን ከዳር እስከ ዳር እንደ ተደፋ ምስር ሞላችው። «ቀለሙን የሚቀላቅለው የሚያየው ሰው ዓይን ነው» ብላ ስታስረዳ፣ እናቷ «ታዲያ ዋናውን ሥራ ለተመልካቹ ትተሽ አንቺ ምን ሠራሁ ልትዪ ነው?» ብላ አፏን አስያዘቻት። ሥዕሉ ያለቀ ጊዜ የሳሎኑን ትልቅ ግድግዳ የእናትየው ቡፌ ይዞታል። ያ ቡፌ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት፣ ከቤቱ ሰው ሁሉ የበለጠ ክብር ያለው ዕቃ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ በሁለቱ መኝታ ቤቶች በሮች መካከል ተሰቀለ። እዚያ ቆሞ ሥዕል ለማየት ወደ ኋላ ፈቀቅ ማለት እንኳ አይቻልም፤ በሌላኛው የኮሪደሩ ጫፍ ሽንት ቤቱ ስላለ እናትየው «እንግዳ ፊት የሽንት ቤት በር አይታይም» ብላ መሀሉን በወፍራም መጋረጃ ጋርዳዋለች።

እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ሥዕል ባሕር ብሎ የጠራ ከሾፌሩ በቀር ማንም አልነበረም። ጎረቤት መጥታ «የምን ጨርቅ ነው?» ብላለች፤ የልጅቱ አጎት «ቀለሙ ሲደርቅ ፈነዳ እንዴ?» ብሎ ከልቡ አዝኗል። ሾፌሩ ግን እዚያው አፍንጫው ሥር ቆሞ «ይናወጣል እኮ! ኧረ ማዕበሉ ይሰማኛል!» ይላል። በስተግራ ከታች ጠቆር ብላ የምትታየውን ነገር በጣቱ እያሳየ «ይቺ ጀልባ ናት። ስትዞር ውላ ወደ ቤቷ መመለሷ ነው» ብሎ ይተረጉማል። ስለዚያች ጀልባ ያልሰማ የለም፤ ለባለሱቁ፣ ለፀጉር ቆራጩ፣ ጡረታ ለምትከፍለው ሴትዮ ሳይቀር አውርቷል። ልጁ ይህን ስትሰማ ፈገግ ትላለች እንጂ ነውም አይደለምም ብላ አታውቅም። ሥዕሉን ያላየ ሰውም ያምነዋል፤ ሾፌሩ ውሸት አይሆንለትማ! የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ጭር ባለ መንገድ ላይ ማንም ሳያየው የሰው አጥር ገጭቶ፣ ራሱ ሄዶ ራሱን ከስሶ፣ ደመወዙን ያስቆረጠ ሰው ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» የሚለው ለጥንቃቄው ነው ይባላል፤ ሚስቱ ግን ዓለም ሲሮጥ እሱ ስለሚያቆም ነው ትላለች።

ልጅቱ ጫማዋን አግኝታ ብቅ አለች። መነጽሩን አየች፣ የአባቷን ፊት አየች፣ ነገሩ ገባት።

«እስከ ዛሬ አላየኸውም ነበር ማለት ነው፣ አባዬ?»

«ኧረ ተይ! በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን? መነጽሩ ነው የተበላሸው።»

ልጅቱ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከዚያ ወጥ ቤት እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችው፤ «ሥዕል ለኤግዚቢሽን የሚቀበሉት እስከ ነገ ነው። እማዬ የምትለው የሒሳብ አያያዝ ትምህርትም ምዝገባው ነገ ያልቃል፤ ከማታው የሥዕል ክፍሌ ጋር ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱን መያዝ አልችልም። ማታ ስመጣ መነጽርህን እንዳደረግህ እውነቱን ንገረኝ። ባሕር ነው ካልከኝ ይዤው እሄዳለሁ። ኩፍኝ ነው ካልከኝ ነጭ ቀለም እቀባበትና ሒሳቤን እማራለሁ። የሌላውን ሰው አላምንም፤ አንተ ግን አትዋሸኝም።» ጉንጩን ስማው ወጣች። ሾፌሩ በሩ ሲዘጋ ሰማና ሥዕሉን ዞሮ አየው፤ አሁንም ነጥብ ነው። ጀልባይቱም የለችም፤ እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ጥቂት ቡናማና ቢጫ ጠብታዎች ተሰብስበው ቆመዋል።

ሻዩን ቆሞ ጠጣና ወደ መነጽር ቤቱ ገሰገሰ። የመነጽር ባለሙያዋ ልጁን የምታክል፣ ሳቅ የሚቀናት ልጅ ናት። «መነጽሩን ውሰጂና ገንዘቤን ስጪኝ» አላት፤ እሷ ግን እጁን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ አስነበበችው፤ ሾፌሩም ከላይ እስከ ታች እንደ ውሃ ጠጣው፤ ሰሌዳው ግርጌ በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን የማተሚያ ቤት ስም ሳይቀር አነበበላት።

«አባባ፣ መነጽሩ እኮ ምንም አልሆነ።»

«ታዲያ ባሕሩ ምን ሆነ?»

«የቱ ባሕር?»

ነገሩን ከነጀልባው ተረከላት። ባለሙያዋ በመዳፏ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ሰው ሁሉ አላይ አለኝ ብሎ ነው የሚመጣብኝ፤ እርስዎ ደግሞ አየሁ ብለው ሊከሱኝ መጡ? እስከ ዛሬ እኮ ቅርቡም ሩቁም ሁሉ ተደባልቆ ነበር የሚታይዎት። አሁን አንዱን ካንዱ ለዩት ማለት ነው።» የድሮውን ዓይኔን መልሺልኝ ቢላት «እሱን እንኳ አንሸጥም» አለችው። ሾፌሩ ለይሉኝታ ያህል ሳቀላት፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ተደባልቆ ነበር የምትለዋ ቃል ደረቱ ላይ ተቀመጠች። ባሕር የሚለው ባሕር ሳይሆን የገዛ ዓይኑ ጉድፍ ከነበረ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየውን አየሁ እያለ ለልጁ በሐሰት ሲመሰክርላት ኖሯል። ሰው አጥር ገጭቶ ራሱን ይከሳል፤ ለዚህኛው ግን የት ተሂዶ ይከሰሳል?

ወደ ቤት የተሳፈረበት አውቶቡስ ድሮ ራሱ የሚነዳው መስመር ነው። እንደ ልማዱ ከወጣቱ ሾፌር ኋላ ያለችውን ወንበር ያዘ። በአዲሱ መነጽር ከተማው አላስቀምጥ አለው፤ የሕንፃው ስንጥቅ፣ የሰዉ ማድያት፣ የወጣቱ ሾፌር ኮሌታ ላይ ያለው ክር፣ ሁሉም ነገር እዩኝ እዩኝ ይላል። መጨረሻ ፌርማታው ላይ ወጣቱ ሾፌር አንገቱን እንኳ ሳያዞር ወደ ኋላ ሲነዳ ግን መታገሥ አቃተው። «አንተ! ኋላህን ሳታይ ደግሞ ሪቨርስ ይኬዳል? ኧረ የሰው ነፍስ ጭነሃል!» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ትኬት ቆራጯም «አባባ፣ መሪውን ልንሰጥዎ እንዴ?» አለችው። ቢሰጡት ኖሮ አይጠላም ነበር። ሪቨርስ ላይ እሱን የሚያህል አልነበረም፤ ትልቁን አውቶቡስ በጠባብ ቅያስ አንድ ድንጋይ ሳይነካ ወደ ኋላ ያወጣ እንደነበር የእሱ ዘመን ሾፌሮች ዛሬም ያወራሉ።

ምሳ ሾርባና ዳቦ ነበር። ባልና ሚስት ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ሾፌሩ የሚስቱን ፊት በመነጽሩ አየው። ከዓይኗ ሥር የተሰመሩትን ቀጫጭን መስመሮች አንድ በአንድ አያቸው፤ መቼ መጡ? ሳይነግሩት ነው የመጡት። አንጀቱን በላችው፤ ግን ምን ብሎ ይንገራት?

«ባሕር ግን በእውነት ምን ይመስላል?» አላት በመጨረሻ።

በዚያ ቤት ባሕር ያየች እሷ ብቻ ናት። ሳታገባው በፊት፣ በልጅነቷ፣ አንድ ወደብ ከተማ ያለ ሆቴል ውስጥ የእንግዳ አንሶላ ታጥብ ነበር። ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው። አሁንም ማንኪያዋን ሳታስቀምጥ «ውሃ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ይጮኻል» ብላ ጨመረች። ከዚያ ሰሃኑን አነሳች። «ልጅህን ዛሬ ምከራት። ነጥብ እየነጠበች ዕድሜዋን እንዳትጨርስ። ሒሳብ የያዘች ልጅ የማንንም አንሶላ አታጥብም።» ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነበር፤ ሾፌሩም ፍርሃቱን ያውቀዋል። እሷ ሥራ ልትጀምር ስትል እንደ ልማዷ የቀሚሷን አንድ ጫፍ አንስታ በግራ ወገቧ ላይ ሸጎጠችና የሳሎኑን ወለል ልትወለውል ባልዲዋን ይዛ ገባች። ሾፌሩም ወደ ባሕሩ ሄደ።

መነጽሩን ሲያወልቅ ባሕሩ ተመልሶ መጣ፤ ተናወጠ፣ ጀልባዋም ወደ ቤቷ ጉዞ ጀመረች። መነጽሩን ሲያደርግ ምስር ተደፋ። አወለቀ፣ አደረገ፣ አወለቀ። ማታ መነጽሩ ጠፋብኝ ብሎ ቢገላገልስ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ባሕር ነው ብሎ ቢምልላትስ? ግን መነጽርህን እንዳደረግህ ብላዋለች። ዓይኑን አውልቆ ደግሞ የሚመሰክር ምስክር የት አገር ይታያል! ሾፌሩ ተናደደ፤ በልጁም፣ በመነጽሯ ልጅም፣ ነጥብ በፈለሰፈው ሰውም ተናደደ። እንደ ተናደደ ከሥዕሉ ሊርቅ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ጀርባው መጋረጃውን ነካ። እዚህ ላይ ነው የድሮ ሙያው የነቃበት። ኋላው ተጋርዶ ሪቨርስ የሚሄድ ሾፌር የለም። መጋረጃውን ሰብስቦ ግድግዳው ላይ ካለች ሚስማር ጋር አሰረው፤ የሽንት ቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው፤ የልጁን መኝታ ቤት በርም ብርሃን እንዲገባ ከፈተና ዓይኑን ከሥዕሉ ሳይነቅል፣ በትከሻው እያየ፣ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ያፈገፍግ ጀመር።

መጀመሪያ ነጥቦቹ ነጥብ እንደሆኑ ቆዩ። ከዚያ መጋረጃው የነበረበትን ቦታ ሲያልፍ መብረቅረቅ ጀመሩ። የሽንት ቤቱን ደፍ ተሻገረ፤ ጉልበቱ ከመቀመጫው ጋር ተጋጨና ክዳኑ ላይ ዘፍ አለ። እዚያ ተቀምጦ ቀና ሲል ባሕሩ መጥቷል። የዓይኑ ጉድፍ የፈጠረው አይደለም፤ ጥርት ያለ፣ የጧት ፀሐይ ከላዩ የፈሰሰበት፣ ሩቁ ወይን ጠጅ፣ ቅርቡ አረንጓዴ፣ ዳርቻው ነጭ አረፋ የሆነ ባሕር ነው። ሾፌሩ «ወይ ልጄ!» አለ። አልዋሸም ለካ! ሲመሰክር የኖረው እውነት ነው፤ ቦታውን ነው የተሳሳተው። ከዚያ ጀልባውን ሊያይ ዓይኑን ወደ ግራ ወደ ታች ላከ።

ጀልባ የለም። ውሃው ጠርዝ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች፤ ባዶ እግሯን አረፋው ነክቶታል፤ ቢጫ ለብሳለች። የቀሚሷ አንድ ጫፍ ከፍ ብሎ በግራ ወገቧ ላይ ተሸጉጧል። ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሳሎን ውስጥ ባልዲው ሲንኳኳ ይሰማዋል።

«አንቺ! እስኪ ነይ!»

«የት ነህ?»

«ሽንት ቤት!»

«ምነው፣ ሆድህን ነው?» ሚስቱ መወልወያዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። በሩ ወለል ብሎ፣ ባሏ ሱሪውን ሳያወልቅ ክዳን ላይ ተቀምጦ፣ መነጽሩ ሥር እንባ እንዳቀረረ ስታየው «በስመ አብ! ሰውዬ ምን ነካህ?» አለች። ተነሳና ተቀመጪ አላት። እምቢ አለች። ተቀመጪ ስልሽ አላት። «ስንት ዓመት አብሬህ ኖሬ ይሄ ብቻ ነበር የቀረኝ» እያጉረመረመች፣ እሱ ትከሻዋን ይዞ ሲጫናት ተቀመጠች። እሱ ከኮሪደሩ መሀል ወደ ግድግዳው ተለጠፈ፣ እንዳይጋርዳት። ማጉረምረሙ አንድ ቃል መሀል ላይ ተቋረጠ። መወልወያው ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ሲጋደም ዞራ አላየችውም። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ላይኛው ፎቅ ሰው ወንበር ይጎትታል፤ እሷ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ እንግዳ ቁጭ ብላለች።

ልጅቱ ከቢሮ ስትመለስ ያገኘቻቸው እንደዚያው ነው፤ አባት የታሰረ መጋረጃ አጠገብ ቆሞ፣ እናት ሽንት ቤት ተቀምጣ። «ምን ሆናችሁ?» ብላ ቦርሳዋን ጣለች።

«ቀስ በይ፤ እናትሽ ባሕር ላይ ናት» አላት አባቷ።

እናትየው ግን ከሥዕሉ ዓይኗን ሳታነሳ «ቀሚሴ ቢጫ አልነበረም» አለች። «አረንጓዴ ነበር። ጫፉ ተተልትሎ በነጭ ክር ሰፍቼዋለሁ። ማነው የነገረሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ። ሕፃን ሆኜ ኩፍኝ ይዞኝ ስተኛ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደሽ። ሥራ ሳይጀመር ጧት ብቻሽን ወርደሽ እግርሽን ስታስነኪው፣ ሌሎቹ እስኪጠሩሽ... እሱን ነበር የምትነግሪኝ። የቀሚሱን ቀለም ግን አልነገርሽኝም።»

«ትኩሳቱ እንዲለቅሽ፣ እንድትተኚ ብዬ እኮ ነው ያወራሁት» አለች እናትየው። «የምትሰሚኝ አልመሰለኝም።» ይህን ብላ በመዳፏ ፊቷን አበሰች፤ ልጅቱም ደፉ ላይ ቁጢጥ አለችና ጉልበቷን ያዘችላት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ያ ባሕር ሁለት ዓመት ሙሉ አፍንጫዋ ሥር ተሰቅሎ በየሳምንቱ አቧራውን ስታራግፍለት ኖራለች።

ልጅቱ አንገቷን ወደ አባቷ አዞረች። «አባዬ፣ አንተስ? እውነቱን ልትነግረኝ ነበር።»

ሾፌሩ መነጽሩን አወለቀ፣ በፒጃማው ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። በጧቱ የለበሰውን ፒጃማ ኮት ደርቦበት ከተማውን እንደዞረበት ያን ጊዜ ነው ያወቀው። «ባሕር ነው» አለ። «በዓይኔ በብረቱ፣ በመነጽሬም አየሁት። ግን አንድ ነገር አጥፍቻለሁ፤ ጀልባ አይደለችም።»

«ምኗ ጀልባ?» አለች ሚስቱ። «ማነው ጀልባ? ያ ለባለሱቁ ሁሉ የምታወራው... እኔ ነኝ?» ብድግ አለች። «ለፀጉር ቆራጩም ነግረኸዋል! አዪ ጉድ! ስትዞር ውላ ወደ ቤቷ የምትመለስ እኔ ነኝ?» ሾፌሩ ወደ ሳሎን ሪቨርስ ያዘ። እሷ ግን መወልወያዋን አንስታ ተከተለችው፤ ሳሎኑ መሀል ስትደርስ ቁጣው የት እንደገባ ሳይታወቅ ቆመች። ቡፌውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ሰፊ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሰፊ ነው» አለች ልጅቱ።

«በይ ነገ ይዘሽው ሂጂ። ራቅ ብላችሁ እዩ በያቸው፤ ባሕር ላይ ተለጥፎ ኩፍኝ ነው የሚል ሰው ሞልቷል።»

«ሒሳቡስ?»

«ሒሳብ የት ይሄዳል? ሲመለስ ግን እዚያ አይሰቀልም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ባሕር ላሳያችሁ ብዬ ሽንት ቤት ላስገባ ነው? ይሄ ቡፌ ይነሳ። አሁን ነው የሚነሳው፤ ነገ ሐሳቤ ይለወጥ ይሆናል።» የቡፌውን መስታወት ከፈተች፤ ያን ሁሉ ዘመን ከንፈር ነክቷቸው የማያውቁትን ብርጭቆዎች ሁለት ሁለቱን እያወጣች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሲያልቁ ጀርባዋን ለባሏና ለልጇ ሰጥታ ቡፌው ፊት ቆመች፤ ጎንበስ አለች፤ የቀሚሷን አንድ ጫፍ አንስታ በግራ ወገቧ ላይ ሸጎጠች። የምሽቱ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ከእግሯ ሥር፣ ከመወልወያዋ በተንጠባጠበው ውሃ ላይ ትብረቀረቃለች። አባትና ልጅ ሳሎኑ ደፍ ላይ እንደቆሙ ተያዩ፤ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«ኑ ያዙልኛ!» አለች ሳትዞር። «ምን ያገትራችኋል? ጀልባ ነው እንዴ የምታዩት?»